የአሳንሰር መርማሪው ፊርማ

በሥራው ቦታ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ሁሉ ጠንቃቃ ነው ማለት አይደለም። ጥንቃቄ ጠባይ የሚሆነው አለቃም ደንብም በሌሉበት ስፍራ ሲገኝ ነው፤ እነርሱ ባሉበት ብቻ የሚታይ ጥንቃቄ ግን የሥራ ልብስ ነውና ሰውዬው ቤቱ ሲገባ አብሮት ይወልቃል። ደግሞም ትንሽ ጥፋቱን ሊያውቅለት ከሚገባው ሰው የሚሸሽግ ሁሉ፣ ያንን ጥፋት በገዛ እጁ እየመገበ የሚያሳድግ መሆኑን ይወቅ። ቀጥሎ የሚነገረው ይህንኑ ያስረዳል።

ሰውዬው የአሳንሰር መርማሪ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የፎቆችን አሳንሰሮች እየመረመረ፣ ደኅና የሆነውን በፊርማው እያጸደቀ፣ ያልሆነውን እያገደ ኖሯል። ከኪሱ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ስለማይለይ ባልደረቦቹ «ጨርቁ» ይሉታል። የአሳንሰሩን የብረት ገመድ በዚያ ጨርቅ ይጨብጥና ገመዱ በዝግታ እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ከጠጕር የማይወፍር አንድ የተበጠሰ ክር እንኳ ቢኖር ጨርቁን ይይዘዋል። ጨርቁ ከተያዘ ነገሩ አለቀ፤ «አይሠራም» የሚለውን ቀይ ካርድ በሩ ላይ ሰቅሎ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የገዛ መሥሪያ ቤቱን አሳንሰር አግዶ፣ ጕልበቱን የሚያመውን አለቃውን ዘጠኝ ፎቅ በእግሩ አስወጥቶታል። አለቃው በየፎቁ እያረፈ ቢረግመውም ፊርማውን ማንም ተጠራጥሮት አያውቅም ነበር።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። ትምህርት ቤቶች ለረጅሙ ዕረፍት በተዘጉበት ሰሞን ለዐሥር ሳምንት ሥልጠና ወደ ሌላ ከተማ ተላከችና ቤቱና ሁለቱ ሴቶች ልጆች በእርሱ እጅ ቀሩ። ትልቋ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ስትሆን በሰፈሩ የልጃገረዶች ቡድን በረኛ ነበረች፤ ኳስ ስለማታሳልፍ ጓደኞቿ «መዝጊያ» ብለው ሰይመዋታል። ታናሿ አምስት ዓመቷ ነው። በቤት ውስጥ የተደረገውን ሁሉ ሳይውል ሳያድር ለጎረቤት የምታደርስ በመሆኗ «ጋዜጣ» ትባላለች።

እናትየዋ ከመሄዷ በፊት ዐሥራ አንድ መመሪያዎችን ጽፋ በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈች። ከሁሉም ተለይቶ በቀይ ቀለም የተጻፈው ሰባተኛው ነበር፦ «ጭንቅላቷን የተመታች ልጅ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት። እስኪሻላት አትጠብቅ።» ሻንጣዋን አንሥታ በሩ ላይ ስትደርስም ባሏን በጨዋታ እየነካካች፣ ሳምንት ሳይሞላው ድረሽልኝ ብሎ እንደሚጣራ ነገረችው። እርሱም ቤት ማስተዳደር የአሳንሰር ጕድጓድ ከመፈተሽ እንደማይከብድ በኩራት መለሰላት። ያን ጊዜ ሣቋን አቁማ፣

«ቤቱ ይዝረክረክ፣ ልጆቹም አፈር ይምሰሉ፣ ግድ የለኝም» አለችው። «አንድ አደራ ብቻ ነው ያለኝ። የሆነውን እንደ ሆነ ንገረኝ።»

በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እንድትደውል ተስማሙ።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ሲያነጋግር ድስት አሳረረ፤ ከድስቱም ጋር እጀታው ቀለጠ። ልጆቹ ዳቦ በሻይ በልተው አደሩ። ሚስቱ ስትደውል ግን አትክልቱ እጅ የሚያስቈረጥም እንደ ነበር ነገራት፤ ድስቱንም በጋዜጣ ወረቀት ጠቅልሎ ጣለው። ታናሿ ልጅ ድስቱ የት እንደሚሄድ በጠየቀች ጊዜ «ጡረታ ወጣ» አላት። እርሷም ነገሩን አምና ለድስቱ እጇን አውለበለበችለት።

ቀጥሎ የማሊያው ነገር መጣ። በቡድኑ ልማድ መሠረት ወላጆች የተጫዋቾቹን ማሊያ በየተራ ያጥባሉ፤ እርሱ ደግሞ የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበርና ለሌሎቹ ምሳሌ ይሆን ዘንድ የመጀመሪያውን ተራ ወሰደ። ዐሥራ አራቱን ነጭ ማሊያዎች ከበረኛዋ ቀይ ካልሲ ጋር አንድ ላይ በሙቅ ውሃ አጠበ። ማሊያዎቹ ሮዝ ሆነው እንደ አበባ ፈክተው ወጡ። በማግስቱ ቡድኑ ወደ ሜዳ ሲገባ ተጋጣሚዎቹ «ሙሽሮች መጡ» ብለው እልል አሉ፤ ሙሽሮቹ ግን ሦስት ለባዶ ቀጧቸው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቀለም አንለብስም አሉ። ይህ ሁሉ ሊነገር የሚገባው፣ የሚያሥቅ እንጂ የሚያሳፍር ያልሆነ ነገር ነው። ያም ሆኖ ሚስቱ ስለ ልብሶቹ በጠየቀችው ጊዜ «እንደ ወተት ነጥተዋል» አላት። ትልቋ ልጁ አጠገቡ ተቀምጣ ካልሲዋን ትጠቀልል ነበርና ቀና ብላ አየችው። ጠቀሳት፤ እርሷም ትንሽ ቆይታ መልሳ ጠቀሰችው። የዚያን ሰሞን ከባዱ ጥፋት ድስቱም ማሊያውም አልነበረም፤ ያ ጥቅሻ ነበር።

በአምስተኛው ሳምንት ወጥ ቤት ያለው የልብስ ማጠቢያ መኪና የፍሳሽ ቱቦ ከግድግዳው ጋር ከሚገናኝበት ላይ መፍሰስ ጀመረ። መለወጥ የነበረበት አንድ የጎማ ቀለበት ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ነገር ግን ቡድኑ ወደ ሩብ ፍጻሜ አልፎ ነበርና መርማሪው ከሥራ ሲወጣ የሚሮጠው ወደ ሜዳ ነው። ስለዚህ ያንን የምርመራ ጨርቁን ከኪሱ አወጣና ቱቦውን ጠፍሮ አሰረበት። «ለዛሬ ይበቃል» አለ። ያ «ዛሬ» ሦስት ሳምንት ቆየ። ፎቅ ውስጥ እንዲህ ያለ እስር ቢያገኝ ኖሮ የሕንፃውን አስተዳዳሪ በጽሑፍ ያስጠነቅቅ እንደ ነበር ጥርጥር የለውም።

ከታች የሚኖሩት ልብስ ሰፊ ሴትዮ፣ ባላቸውን ከቀበሩ ቈይተዋል፤ ከጣሪያቸው ውሃ ሲንጠባጠብ ባልዲ ይዘው ወጡ። ልጆቹ አክስት ነው የሚሏቸው። ሴትዮዋ በቁጣ ሳይሆን በሹፈት፣ ያለ ዝናብ የሚያፈስ ጣሪያ በዕድሜያቸው ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑን ነገሩት። ይቅርታ ጠየቃቸው፤ ጨርቁንም አንድ ዙር ጨመረበት። በምሽቱ ስልክ ላይ ቤቱ ደረቅ ነበር።

የፍጻሜው ጨዋታ ለቅዳሜ ተቀጠረ። ሐሙስ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ተኩል መርማሪው ሳሎን ተቀምጦ የቡድኑን የመጓጓዣ ዝርዝር ሲጽፍ ጨርቁ ተፈታ። ውሃው ወጥ ቤቱን ሸፈነው። እርሱ ድምፁን ሰምቶ ሳይነሣ መዝጊያ ከልምምድ ጥማት ይዟት ገባችና ወደ ማቀዝቀዣው ሮጠች። ኳሱ በብብቷ ሥር ነበር። እግሯ ከዳት፤ ኳሱን ላለመልቀቅ ስትል እጇን አላስቀደመችም፤ የራስ ቅሏ ጀርባ የዕቃ ማጠቢያውን ገንዳ ጠርዝ መታው።

ታናሿ በሩ ላይ ቆማ ሁሉን አየች።

መርማሪው ሲደርስ ልጁ በውሃው ውስጥ ተጋድማ ዐይኗን ገልጣ ነበር፤ ነገር ግን የምታየው እርሱን አልነበረም። ስሟን ሲጠራት ዘግይታ መለሰች። ቀኑ ምን እንደ ሆነ ሲጠይቃት «ማክሰኞ» አለች። ከዚያ ተነሥታ አንድ ጊዜ አስመለሳት። ከፊቱ፣ በክንዱ ርቀት፣ በማቀዝቀዣው በር ላይ ሰባተኛው መመሪያ በቀይ ቀለም ተጽፎ ነበር። አነበበው። በረዶ ሊያወጣ በሩን ሲከፍት ወረቀቱ ዞረለት፤ ሲዘጋውም ተመልሶ መጣ።

በዚያች ሰዓት ያሰበውን ራሱ ኋላ ላይ ሳይደብቅ ተናግሯል። ሐኪም ቤት ቢሄድ እናትየዋ መስማቷ አይቀርም፤ በምን ወደቀች ስትል ውሃው ይነሣል፤ ውሃው ሲነሣ ቱቦው፣ ቱቦው ሲነሣ ሦስቱ ሳምንት፣ ከዚያም እስከ ድስቱ ድረስ አንድ በአንድ ይወጣል። አሁን ያንን ሁሉ ባንድ ጊዜ በስልክ ከምትሰማ፣ ዋንጫው ከተበላ በኋላ፣ በተመለሰች ዕለት፣ ሲሥቁ ቢነገራት ይሻላል ብሎ ወሰነ። እብጠቱ ላይ በረዶ ይዞ፣ ታናሿን አስጠጋና ውሃ ላይ ስለ መውደቅ ለማንም፣ በተለይ ለእማዬ፣ ምንም እንዳትናገር አስጠነቀቃት። ጋዜጣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ታገደች።

የዚያን ምሽት ስልኩ በሰዓቱ ጮኸ። ትልቋ ተራዋ ሲደርስ አባቷን እያየች «ደኅና ነኝ» አለች። እናት ልጇን በድምፅ ታውቃለችና ምን ሆነሻል ብላ ደግማ ጠየቀቻት። ልጅቱ ልምምዱ አድክሟት እንደ ሆነ ተናገረች። ታናሿን አምጡልኝ ስትል አባትየው ተኝታለች አለ። ታናሿ በዚያን ጊዜ በእጁ አፏን ተይዛ ከጭኑ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ዐርብ ጠዋት ልጅቱ ራሷን እንደሚወቅራት ተናገረች። ከሰዓት በኋላ ግን የተሻላት መሰለ፤ ወደ ግቢ ወርዳ ኳስ ወደ ግድግዳ እየመታች ስትይዝ አባቷ ከመስኮት አይቶ እፎይ አለ። ወዲያው ተመልሳ መጣችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ኳሷ ሁለት ሆና ነው የምትመጣው» አለችው።

«ድካም ነው የኔ ልጅ። ተኚና ነገ አንድ ትሆናለች።»

«ካልሆነችስ? ሁለቱንም ልያዝ?»

ሣቀላት። እርሷም እርሱ ስለ ሣቀ ሣቀች።

ልብስ ሰፊዋ ሴትዮ ያን ዕለት ከገበያ ሲመለሱ ልጅቱን ደረጃ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ስትወጣ አገኟት። እቃቸውን ሳያስቀምጡ ቀጥታ ወደ አባቷ ወጡ።

«ስማ ልጄ፣ ይህቺ ልጅ ዐይኗ ልክ አይደለም» አሉት። «መርፌ ስሰካ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዐይን አውቃለሁ። አንዱ ካንዱ ሰፍቷል።»

የፍጻሜው ጭንቀት ነው አላቸው፤ ስለ አሳቢነታቸውም አመሰገናቸው። ሴትዮዋ ጥቂት ቆመው አዩትና ወረዱ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ዙሪያውን በሰው ተሞልቶ ነበር። አሠልጣኙ የሒሳብ መምህር ነው፤ ሥርዐት አጥባቂ ሰው በመሆኑ አንድ ደንብ ሳያዛንፍ ያስከብራል። ከየጨዋታው በፊት እያንዳንዱ ወላጅ «ልጄን ዛሬ ጠዋት ራሴ አይቻታለሁ፤ ለመጫወት ብቁ ናት» የሚለውን መስመር በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርማል። ይህንን ደንብ ከሁለት ዓመት በፊት በኮሚቴው አስወስኖ ያጸደቀው መርማሪው ራሱ ነበር፤ የታተመ ቅጽ ሰው ሳያነብ ይፈርምበታልና በእጅ ይጻፍ ያለውም እርሱ ነው።

አሠልጣኙ ወረቀቶቹን እየሰበሰበ ወላጆቹን አንድ በአንድ ያፋጥጥ ነበር። የአንዷን እናት ቃል ሰምቶ አላመነም፤ ልጇን ጠርቶ ቍርጭምጭሚቷን ሊፈትሽ አስዘለላት። መርማሪው ዘንድ ሲደርስ ግን ወረቀቱን ዘረጋለትና፣

«ያንተን እንኳ አላነበውም ጨርቁ» አለው። «አንተ በፈረምክበት አሳንሰር ስንት ሰው ይወጣል ይወርዳል። ማን ነኝ ብዬ ነው አንተን የምመረምር?»

መርማሪው ብዕሩን ያዘ። ልጁ በዐሥር እርምጃ ርቀት ጓንቷን ታጠልቅ ነበር። የግራውን እጅ ጓንት በቀኙ ለማጥለቅ ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ በሦስተኛው ጓደኛዋ አገዘቻት። ይህን አየ። መስመሩን እስከ «ራሴ አይቻታለሁ» ድረስ ጻፈና ቆመ፤ ያ ቃል እውነት ነበርና እጁ እምቢ አላለውም። ቀሪውን ሲጽፍ ፊደሎቹ ዘመሙ። ከሥሩም በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ያልተሳሳተውን ፊርማ አኖረ።

ጨዋታው ተጀመረ። መዝጊያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች ያዘች። ሦስተኛዋን ከእርሷ ክንድ በሚርቅ ስፍራ ዘለለችላትና ኳሷ ቀስ ብላ በሌላ በኩል ገባች። ተመልካቹ አጕረመረመ፤ ባላጋራዎቹ «መዝጊያው ተከፈተ» እያሉ ጨፈሩ። ልጅቱ ግን ኳሷን ከመረቡ ስታወጣ ጎንበስ ብላ ኳሷ በሌለችበት ሣር ዳበሰች። አባቷ ይህን ከመስመሩ ዳር አይቶ ቀዘቀዘ። ዳኛውን ለማስቆም እጁን ከፍ አደረገና መልሶ አወረደው፤ ዕረፍቱ ዐሥር ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ነበርና በዕረፍት አስወጣታለሁ ብሎ ራሱን አጽናና።

ከተመልካቾቹ ደረጃ ላይ ታናሿ ከልብስ ሰፊዋ ሴትዮ ጭን ተቀምጣ ነበር። ሴትዮዋ ዐይናቸውን ከበረኛዋ አልነቀሉም፤ ልጅቱ ምን እንደ ሆነች ታናሿን በለሆሳስ ጠየቋት። ጋዜጣ ግራ ቀኝ አየች።

«ለእማዬም ለማንም እንዳልናገር ተብያለሁ» አለች። «ውሃው ላይ ወድቃ ጭንቅላቷ ጓ እንዳለ ነው የማልናገረው።»

ሴትዮዋ ታናሿን ለጎረቤታቸው አስታቅፈው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ደረጃውን ወረዱ። አሠልጣኙ ዘንድ ደርሰው የሰሙትን በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገሩት። እርሱም ፊቱ ዐመድ መስሎ ወደ ዳኛው እየጮኸ ወደ ሜዳው ገባ። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያነሣ የማዕዘን ምቱ ተመትቶ ነበር። መዝጊያ ኳሷን ለመያዝ ወጣች፤ ማንም አልነካትም፤ ኳሷም አልነካቻትም። ሁለት እርምጃ ተራመደች፣ ተቀመጠች፣ ከዚያም በጎኗ ተኛች።

በሐኪም ቤቱ ኮሪደር ነጭ ካባ የለበሰች ወጣት ሐኪም ወረቀትና ብዕር ይዛ ወደ አባትየው መጣች። በራስ ቅሏና በአንጎሏ መካከል ደም ቋጥሯል፤ ቀዶ ጥገናው አሁኑኑ ይጀመራል፤ ፈቃዱን መፈረም ያለበት ወላጅ ነው። ከመፈረሙ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ነበራት፤ መልሱም ለሥራቸው እጅግ አስፈላጊ መሆኑን ነገረችው። ልጅቱ ከዚህ በፊት ጭንቅላቷን ተመትታ ታውቃለች?

አሠልጣኙ ከግድግዳው ጥግ ቆሟል። ሴትዮዋ ተቀምጠዋል። ከመርማሪው አፍ ሊወጣ የተዘጋጀው የለመደው ውሸት መሆኑን ራሱ ኋላ ተናግሯል፤ ለስምንት ሳምንታት በየምሽቱ ሲናገረው የኖረውን ምላሱ በራሱ ጊዜ አቅርቦለት ነበር።

«ሐሙስ» አለ። «ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ተኩል።»

ሐኪሟ ቀና አለች። «ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለችው። ወረቀቱን አስፈርማ ተቀብላ በሩጫ ሄደች።

ቀዶ ጥገናው ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀ። ልጅቱ ተረፈች። እናትየዋ በመጀመሪያው አውሮፕላን መጣችና ሦስት ቀን ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሣችም። ባሏን አልሰደበችውም። ከድስቱ ጀምሮ ሁሉንም በቅደም ተከተል እንዲነግራት አዘዘችው፤ ነገራት፤ ሲጨርስ የማሊያው ነገር እንዳሣቃት፣ እውነቱን ብትሰማው ኖሮ በስልክም ትሥቅ እንደ ነበር ነገረችውና ፊቷን አዞረች።

የውድድሩ ኮሚቴ ቡድኑ የፍጻሜውን ጨዋታ እንደ ተሸነፈ ቈጠረ፤ መርማሪውን ከሰብሳቢነቱ ሽሮ ለአምስት ዓመት ወደ ልጆች ሜዳ እንዳይገባ አገደው። መሥሪያ ቤቱ ያንን በእጅ የተጻፈ መስመር ግልባጭ አስቀርቦ ከተመለከተ በኋላ የማጽደቅ ሥልጣኑን ለሁለት ዓመት ነጠቀው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት የመረመረውን አሳንሰር ሁሉ እርሱ ያሠለጠነው ወጣት ሠራተኛ እንደገና እየመረመረ ይፈርምበት ነበር። ሐኪሞቹ ልጅቱ ዳግመኛ በግብ መካከል እንዳትቆም ከለከሏት፤ ጓንቷንም ለተተኪዋ ስትሰጥ አባቷ በአጥሩ ውጪ ቆሞ አየ። ከዚያ ዓመት ወዲህ በልጆቹ ማናቸውም ወረቀት ላይ የምትፈርመው እናታቸው ብቻ ናት።